ሁለት ጊዜ ሲጠራ

ወጣቶቻችን ለገና ላዘጋጁት ድራማ አንድ የድሮ ስልክ አስፈልጎ ነበር። ታሪኩ በደርግ ዘመን ስለነበረ አንድ ቤተሰብ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ስልክ ካልተቀመጠ ተመልካቹ ዘመኑን አይለይም ተባለ። ሲፈለግ ሲፈለግ ከአንድ አባት ቤት፣ አልጋ ሥር ከተቀመጠ ካርቶን ውስጥ፣ ገመዱ የተበጠሰ፣ ጣት እያስገቡ የሚያዞሩት ዓይነት ስልክ ተገኘ። ክብደቱ የጡብ ያህል ነው።

በልምምዱ ቀን እናትን ሆና የምትጫወተው እኅት እጀታውን አነሣች፤ ጣቷን ከቀዳዳው አስገብታ ቁጥሩን እንደ ቁልፍ ተጫነችው። ምንም የለም። እንደገና ተጫነችው። በዕድሜ ገፋ ያልነው ሳቅን። «ጎትተሽ አዙሪው እንጂ!» አልኳት። አዞረችና ለቀቀችው፤ መደወያው እየተንኮሻኮሸ ወደ ቦታው ሲመለስ ፊቷ በራ። ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ቀረና ሁሉም ተራ በተራ ሊያዞሩት ከበቡት።

ሲበቃቸው ያቺው እኅት፣ «ያኔ እንዴት ደስ ይል ነበር! ሰው ከሰው ጋር የምር ይነጋገር ነበር» አለች። ሌሎቹም አዎ አዎ አሉ። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ይህን ጽሑፍ የምጽፍላችሁ ያን ዕለት ዝም ስላልኩ ነው።

ያልኖራችሁበትን ዘመን መናፈቃችሁ አይገርመኝም። ስልካችሁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ እናንተ ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም አለ፣ ቲክቶክ አለ፣ የመዘምራን ግሩፕ አለ፣ የክፍል ግሩፕ አለ፤ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይደርሳል። ቦታው ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ሰው ሲፈልጋችሁ ብቻ የሚጮኽ፣ ፎቶ የማያነሣ፣ ኪስ የማይገባ ዕቃ ዕረፍት ቢመስላችሁ እውነት አላችሁ። ይሁን እንጂ በመክብብ 7፥10 ላይ ጠቢቡ የድሮው ቀን ከዛሬው ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅን ከጥበብ አይቆጥረውም። ለምን ይሆን? እኔ እንደሚመስለኝ፣ ናፍቆት የአንድ ወገን ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ስለሆነ ነው። እስቲ ሌላውን ምስክር እኔ ልጥራ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ሰባትን ስታዞሩት መደወያው ወደ ቦታው ሲመለስ በሽቦው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ሰባት ጊዜ ቆረጥ ቆረጥ ያደርገዋል፤ ማዕከሉ ያን ይቆጥራል። ዜሮ ማለት ዐሥር ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ዜሮ የበዛበት ቁጥር ያለው ዘመድ መደወል ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ስልኩ ኃይል የሚያገኘው በዚያው ሽቦ ከማዕከሉ ባትሪ በመሆኑ የከተማው መብራት ጠፍቶ እንኳ ይሠራል። ይህ ምስጋና የሚገባው ነገር ነው። የስልክ ሂሳብ የሚያስፈራቸው የቤት ባለቤቶች ደግሞ ከመደወያው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር ይቆልፉበት ነበር። የተቆለፈው ግን መደወያው እንጂ መስመሩ አይደለም፤ እጀታው የሚቀመጥበትን ማንጠልጠያ በልኩ ቶሎ ቶሎ መታ መታ ካደረጉት ማዕከሉ ያንኑ ቆረጥ ቆረጥ ይቆጥራል። ይህን እንዴት እንዳወቅሁ አትጠይቁኝ። ስልኩ በዳንቴል ተሸፍኖ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ እንግዳ ሲመጣ ዳንቴሉ ይታጠባል።

የማን ቡፌ ላይ? ጥያቄው ይህ ነው። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ነው፤ ከአዲስ አበባ ሐረር የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ሰውየው በሌለበት ድምፁ መሰማቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የተቃወሙ እንደነበሩ ይተረካል። (በእኛም መካከል ስለ ቴሌቪዥን፣ ኋላም ስለ ኢንተርኔት ተመሳሳይ ነገር ሲባል ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በእነዚያ ሰዎች ብዙ አልስቅም።) የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር፣ በኢትዮጵያ ለመቶ ሰው አንድ የስልክ መስመር እንኳ አይደርስም ነበር። የነበረውም አብዛኛው አዲስ አበባ ነው። በጉና ሥር፣ በፋርጣ፣ በጋይንት፣ በስማዳ ላለ ገበሬ ዳንቴል የለበሰ ጥቁር ስልክ የልጅነት ትዝታው አይደለም፤ በሕይወቱ መጀመሪያ የጨበጠው ስልክ ሞባይል ነው። ስለዚህ «የድሮ ስልክ ናፈቀኝ» የሚል ሰው ሳያውቀው ስለ ጥቂት ቤቶች እያወራ ነው።

እኔም ከእነዚያ ቤቶች አይደለሁም። የእኛ ቤት ከደብረ ታቦር በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል። የድሮውን ስልክ የማውቀው በአንድ ቀን ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበረው ጊዜ ነው። አዲስ አበባ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎት ነበር፤ በዚያ ላይ ጦርነቱ በእኛም አገር አልፏል። አንድ ቀን ከገበያ የተመለሰ ጎረቤት ለእናቴ ወረቀት አመጣላት። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት ደብረ ታቦር ቴሌ ቀርበሽ ከአዲስ አበባ የሚመጣልሽን ስልክ ተቀበዪ ይላል። የሚፈልጋት ሰው ስም አልተጻፈበትም። እናቴ ያን ሌሊት አልተኛችም። የሞት መርዶ በስልክ ይነገራል ሲባል ሰምታለች፤ ደግሞም የምሥራች ይሆናል። ነጠላዋን አጥባ፣ ገና ጨለማ ሳለ ተነሣን።

ደርሰን ተቀመጥን። በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ሰው አለ። ሴትዮዋ ስም ስትጠራ የተጠራው ወደ ትንሿ የእንጨት ክፍል ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ ግን ከሩቅ አገር ጋር የሚያወራ ሁሉ ስለሚጮኽ በሩ ተዘጋም አልተዘጋም አንድ ነው። አንድ ሰው ስለ መሬት ክርክር ሲጮኽ ሰማን። አንዲት ልጅ እጮኛዋን መስለኝ፣ የምትናገረው ጠፍቷት፣ «እሺ... እሺ...» ስትል ሁላችንም መሬት መሬት አየን። አንዲት እናት መርዶዋን እዚያው ሰማች። እጀታው ከእጇ ወድቆ በገመዱ ሲወዛወዝ፣ ከውስጡ የሚናገረው ሰው ድምፅ እንደ ዝንብ ይሰማ ነበር። ይህን ስጽፍላችሁ አሁንም ይሰማኛል። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ደገፋት፤ የማያውቋት ሰዎች አብረዋት አለቀሱ። ይህም የድሮው ስልክ ነው፤ ገመናም የለው፣ ብቸኝነትም የለው።

እናቴ ተጠራች። አብሬያት ገባሁ። እጀታውን ገልብጣ ስለያዘችው አስተካከልኩላት። ወንድሜ ከዚያ ማዶ «ሃሎ! ሃሎ!» ይላል። እናቴ ግን «ሃሎ» የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም፤ የሰማችው «አለሁ! አለሁ!» ሲል ነው። «ተመስገን! አለህ?» ብላ ጮኸች። «ሃሎ!» አላት። «አለህ ልጄ?» አለችው። እንዲህ እያሉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የቀረውን ጊዜ የጨረሰችው የማን ላም እንደ ወለደች፣ ማን ማን ሰላም እንዳለው፣ አክስቱ፣ የክርስትና አባቱ፣ የጎረቤት ልጆች፣ በስም በስም እየዘረዘረች ነው። ሦስት ደቂቃው ሞላ፤ ተቋረጠ። ሦስት ሰዓት ሄደን፣ ግማሽ ቀን ጠብቀን፣ ሦስት ደቂቃ። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ ዘመረች ብላችሁ አታምኑኝም።

ድራማው ላይ ያቺ እኅት «የምር ይነጋገር ነበር» ስትል የተሰማት ነገር ይኸው ነው፤ ተሳስታለች አልልም። ያ ስልክ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ወንድሜ ተራ ጠብቆ፣ ካለችው ደመወዝ ከፍሎ ነው፤ እናቴ በእግሯ ነው። ላምም ስለ መውለዷ ቢነጋገሩ፣ ዋጋው ራሱ ከወሬው በፊት ይናገራል፤ ለእኔ ይህን ያህል ነህ ይላል። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እናቴ ሦስት ሰዓት የሄደችው ሌላ ምርጫ ስላልነበራት ነው። ማጣት አስገድዶ ያስደረገንን በጎ ነገር ከመልካምነታችን ልንቆጥረው አንችልም። ያኔ ወንድሜ በየቀኑ የመደወል አቅም ቢኖረው ይደውል ነበር? እግዚአብሔር ያውቃል። ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አልጻፈም፤ ብዕርና ወረቀት ግን አልጠፋም።

አዲሱ ስልክ ያደረገልኝንም ልናገር፤ ካልተናገርኩ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ጌታን በግል አዳኝነት ስቀበል ከቤተሰቤ ጋር ተራርቀን ነበር። በዚህ አገር ለምትኖሩ ምን ማለት እንደሆነ መዘርዘር አያስፈልገኝም፤ አባቴ ስሜ በቤቱ እንዳይነሣ አለ፤ እናቴም ከአባቴ ቃል አልወጣችም። በማንም አልፈርድም፤ እኔም ያን ጊዜ አንደበቴ ከፍቅር ይልቅ ለክርክር የቀለለ ጎረምሳ ነበርኩ። አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። ከዚያ ወንድሜ ለእናቴ ትንሽ ኖኪያ ገዝቶ ላከላት። አንድ ማታ የማላውቀው ቁጥር ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ ማዶው ዝም አለ፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ በሹክሹክታ፣ «አለህ?» አለችኝ።

ስልኩ የቴሌው እንጨት ክፍል ብቻ ቢሆን ኖሮ እናቴ አገር በሚሰማበት እኔን ልትጠራ አትችልም ነበር። የታረቅነው ከመቀነቷ ሥር በምትደብቀው በዚያች ቀፎ ነው። አባቴም ከማረፉ በፊት በዚያችው ስልክ መርቆኛል። ከዚያ ወዲህ ምልክት አበጀን። ለእሷ መደወል ገንዘብ ስለሆነ ሚስኮል ብቻ ታደርጋለች፤ አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተዘጋ ደህና ነኝ፣ አስቤህ ነው ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጠራ ደውልልኝ ማለት ነው።

እንግዲህ መሣሪያውን፣ አሮጌውንም አዲሱንም፣ ለጊዜው እንተወውና የመልስን ነገር እናንሣ። በዚህ ረገድ ከደብረ ታቦር የበለጠ አስተማሪ ያለው ከተማ አላውቅም። ጋፋት እዚሁ አጠገባችን ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪስቾና የመጡትን ወንጌላውያን የእጅ ባለሙያዎች ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ቦታ ናት፤ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጥተው መድፍ ስለ ሠሩት ስለ እነዚያ ሚስዮናውያን ሌላ ጊዜ ብንነጋገር ጥሩ ነው። አሁን የማነሣው ደብዳቤውን ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1862 ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። ወዳጅነት ፈለጉ፤ መልእክተኞች ልላክ ብለው ጠየቁ። ደብዳቤው በእግር፣ በእንስሳ፣ በመርከብ ተጉዞ በየካቲት 1863 ለንደን ገባ። በዚያ ዘመን ይህ ፈጣን ነው። ደርሷል። ተነብቧልም። ከዚያ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀቶች መካከል ተቀመጠ፤ መልስ የሚሰጥ ጠፋ።

ንጉሡ ጠበቁ። ዓመት ሲያልፍ ዝምታው ንቀት መሰላቸው። በጥር 1864 ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ፤ ሌሎች አውሮፓውያንም ታሰሩ። ያን ጊዜ ለንደን ነቃች። መልሱን የያዘው ራሳም ንጉሡ ፊት የቀረበው በጥር 1866 ነው፤ በዚያው ዓመት ጋፋትና ደብረ ታቦርም ቆይቷል። ግን መልስ ጊዜው ካለፈ መልስነቱ ይቀንሳል፤ ራሳምም ታሰረ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ የናፒየር ጦር መጣ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡ ሽጉጣቸውን በራሳቸው ላይ አዞሩ። የጦርነቱ ምክንያት ያ ደብዳቤ ብቻ ነበር አልልም፤ የንጉሡም ቁጣና ጭካኔ ተጨምሮበታል፤ ሰውን ማሰር የዝምታ ተመጣጣኝ ቅጣት አይደለም። ነገር ግን በቴሌግራም መልእክታችሁ አጠገብ ሁለቱ ምልክቶች ሲታዩ፣ ተነብቦ መልስ ሲጠፋ የሚሰማችሁን ነገር ዐፄ ቴዎድሮስ ከእናንተ በፊት ያውቁት ነበር። ችግሩ የመንገዱ ርዝመት አልነበረም። መንገዱ ሥራውን ሠርቷል።

ታዲያ የሚጠራን ሁሉ መልስ ይገባዋል? እዚህ ላይ ከራሴ ጋር ተከራክሬያለሁ። በማርቆስ ወንጌል 1 ላይ ጌታ ገና ሳይነጋ ተነሥቶ ለብቻው ሊጸልይ ወጣ፤ ደቀ መዛሙርቱ ተከትለው ሁሉ እንደሚፈልጉት ሲነግሩት ወደ ፈላጊዎቹ አልተመለሰም፤ ወደ ሌሎች መንደሮች እንሂድ አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥሪ አቤት ማለት ቅድስና ነው ብዬ አላስተምራችሁም። በቀን ሦስት መቶ መልእክት የሚመጣለት ወጣት ለሁሉም ቢመልስ ለጸሎትም ለትምህርትም ጊዜ የለውም። ስልካችሁን ዘግታችሁ ተኙ፤ ኃጢአት አይደለም። መለየት ግን አለባችሁ። በምን እንለይ ካላችሁኝ፣ ለረጅም ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን ያለኝን መልስ ያገኘሁት ከጥፋቴ ነው።

የ2015 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ ሐምሌ። አንድ ማታ የእናቴ ስልክ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ተዘጋ። አየሁት። በመዘምራን ግሩፕ ውስጥ የልምምድ ሰዓት ይቀየር አይቀየር የሚል ክርክር ተነሥቶ እኔም ረጅም ነገር እየጻፍኩ ነበር። ይህን ልጨርስና አልኩ። ስጨርስ መሽቶ ነበር፤ ተኝታለች አልኩ። በማግስቱ ሥራ በዛብኝ። በሦስተኛው ቀን ትዝ አለኝ፤ ማታ እደውላለሁ አልኩ፤ ረሳሁ። እንዲህ እንዲህ ሲል በክልላችን የሆነው ሆነ። ነሐሴ ሲገባ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። ወደ እናቴ አገር ድምፁም ጠፋ። ስደውል ማግኘት እንደማይቻል የምትነግረኝ የተቀዳች ድምፅ ብቻ ናት። መንገዱም የሚሄዱበት አልነበረም።

ስለዚያ ጊዜ አንዳንዶቻችሁ በናፍቆት ስታወሩ ሰምቻለሁ፤ ግሩፑ ዝም ስላለ ቤት ለቤት ተጠያየቅን፣ ጸሎት በረታ ትላላችሁ። እውነት ነው፤ እኔም በዚያ ሰሞን ሦስት ዓመት ያልረገጥኩት የወንድም ቤት ገብቼ ሽሮ በልቻለሁ። ሆኖም ያው ዝምታ ልጇ ውጭ አገር ያለ እናትን፣ ምዝገባ ያለፈበትን ተማሪ፣ ሕክምና የሚጠይቅ በሽተኛን ምን እንዳደረጋቸው አይታችኋል። ዝምታው ለእኔ ዕረፍት ሆኖልኝ ከሆነ፣ ሌላው ሰው እየከፈለልኝ ነው ያረፍኩት።

ከብዙ ሳምንት በኋላ ከእነ እናቴ መንደር በእግሩ የመጣ አንድ ሰው ቤቴን አፈላልጎ አንኳኳ። መልእክቱን በቃሉ ይዞት ነበር፤ «እናትህ ደህና ናት፤ አንተ ግን ደህና ነህ ወይ፣ ምነው ዝም አልክ ብላለች» አለኝ። እግሩን አጠብኩት፤ ሌላ የማደርገው ጠፋኝ።

ሐዋርያው ዮሐንስ በሦስተኛው መልእክቱ መጨረሻ ላይ ብዙ የሚጽፈው ነገር እንዳለው ይናገርና በቀለምና በብርዕ ሊጽፈው አልፈልግም ይላል፤ ተስፋው ተገናኝተው አፍ ለአፍ መነጋገር ነው። ዮሐንስ ብርዕን አልጠላም፤ ያንኑ ያለው በብርዕ ነው። ቤል እ.ኤ.አ. በ1876 በስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለረዳቱ የተናገረውም ወደዚህ ና፣ ላይህ እፈልጋለሁ የሚል ነበር፤ ረዳቱ የነበረው በሌላ ክፍል ነው። ስልክ ሥራውን የጀመረው ሰው በመጥራት መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

መንገዱ ሲከፈት ሄድኩ። እናቴ ቡና አፈላች፤ የጎረቤቱን ሁሉ ዜና ነገረችኝ። ያን ሐምሌ ማታ ልጠይቃት እፈራ ነበር፤ ቆየሁ። ማታ ላይ ለታላቅ ወንድሜ መድረሴን ልንገረው ብዬ ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። «እዚህ መች ይሠራል» አለችና ጋቢዋን ደረበች። «ና።»

ከቤቱ ጀርባ ያለውን ጋራ መውጣት ጀመረች። ጉልበቷን ስለሚያማት በየመሐሉ ትቆማለች። የጉና ንፋስ ያን ሰዓት እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ግማሽ ሰዓት ያህል ወጣን። ጫፉ ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ ነው። «እዚህ ላይ ነው የሚይዘው» አለችኝ።

እኔ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ሲጠራ የሚታየኝ እናቴ መደቧ ላይ ተቀምጣ፣ እሳት እየሞቀች ነበር። ዋጋው የወረደው ለእኔ ብቻ ነበር። እሷ አሁንም ያንኑ የደብረ ታቦር መንገድ እየሄደች ነው፤ እኔ ከዚህ በኩል ስላልታየኝ ጥሪው ርካሽ መሰለኝ። የመለያው ነገር ይህ ነው፤ ያ ሰው እኔን ለማግኘት ምን ወጣ? ማን እንደ ጠራኝ ስልኬ ይነግረኛል፤ ይህን ግን አይነግረኝም፤ ራሴ መጠየቅ አለብኝ።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። «በሐምሌ ሁለት ጊዜ ጠርተሽኝ ነበር፤ አልደወልኩም» አልኳት።

«አዎ» አለች። «ዝናብ ነበር።»

«ብዙ ቆየሽ?»

«ኧረ ብዙም አልቆየሁ፤ እስኪጨልም ነው።»

«ምን ልትዪኝ ነበር?»

ትንሽ አሰበች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ታች፣ መብራቱ ብልጭ ብልጭ ወደሚለው ወደ ደብረ ታቦር በኩል አየች።

«እንጃ ልጄ፤ ረሳሁት» አለችኝ። «በል ለወንድምህ ደውልለት፤ ሳይተኛ።»